የእስረኛ ደብተር

ማረም የሚለው ቃል በቋንቋችን ከአንድ በላይ ሥራ አለው። ገበሬ ማሳውን ያርማል፤ መምህር የተማሪውን ጽሕፈት ያርማል፤ ቀድሞ ወኅኒ ቤት ይባል የነበረውም ዛሬ ማረሚያ ቤት ተብሏል። እኔ ቀይ ቀለም ይዤ ሳርም የምውል ሰው ነኝና ይህ ስም ያሳስበኛል። ደብተር የሌለውን ሰው ምኑን ያርሙታል?

«በድሎ ገብቶ ደግሞ ይማር?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ከነዚህም መካከል የገዛ ልጆቻቸውን ለማስተማር የተቸገሩ ድኾች አሉበትና በንቀት ልመልስላቸው አልወድም። ነገር ግን ያ ሰው የፍርዱን ዘመን ፈጽሞ የሚመለሰው ወደ እነርሱው ሰፈር ነው።

በለንደን በነበረው በኒውጌት እስር ቤት ኤልሳቤጥ ፍራይ የተባሉ እመቤት በ1813 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) ገብተው ቢያዩ፥ ሴቶቹ ከነልጆቻቸው ተጨናንቀው፥ ሲሰዳደቡና ሲደባደቡ አገኟቸው። ኋላም ለልጆቹ ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ሲነሡ ሹማምንቱ ነገሩ የማይሆን መስሏቸው ነበር። መምህርቷ ግን ከውጭ አልመጣችም፤ እስረኞቹ ከመካከላቸው መረጧት። በ1817 ለአዋቂዎቹ ንባብና የእጅ ሥራ በተጀመረ ጊዜም ደንቡ አንድ በአንድ እየተነበበ፥ ሴቶቹ እጃቸውን እያነሡ ተቀበሉት። በጅራፍ የወረደ ሥርዐትና ሰው እጁን አንሥቶ የተቀበለው ሥርዐት አንድ አለመሆናቸውን ማንኛውም የክፍል መምህር ያውቃል።

ትምህርት በአሳሪው እጅ የቅጣት መሣሪያ የሆነበትም ቦታ አለ። በደቡብ አፍሪቃ፥ በሮበን ደሴት፥ በደብዳቤ የሚሰጠውን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት መከታተል በፈቃድ ነበር፤ ፈቃዱም ለትንሽ ጥፋት ይነጠቃል። ኔልሰን ማንዴላ በድብቅ የጻፉት የሕይወት ታሪክ በ1977 በተገኘ ጊዜ ለ4 ዓመት ያህል እንዳይማሩ ተከለከሉ። ይሁን እንጂ እስረኞቹ የኖራ ድንጋይ በሚፈልጡበት ስፍራ እርስ በርሳቸው ይማማሩ ነበር፤ ፊደል ሳያውቁ ገብተው በጓደኞቻቸው አስተማሪነት ማንበብ የቻሉ አሉ። ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአብነት ትምህርት ቤትም ቀድሞ ያወቀው ታናሹን ሲያስቀጽል ይውላል።

በጎረቤቴ ያሉ አንዲት እናት ልጃቸው ታስሮባቸዋል። ልጁ የሚልከውን ደብዳቤ የሚጽፍለት ሌላ እስረኛ ነበር፤ ለእናቱም የማነብላቸው እኔ ነበርሁ። ባለፈው ዓመት ግን በገዛ እጁ የጻፈውን አመጡልኝ። ሰና ሠ ተለዋውጠዋል፤ መስመሩም ወደ ላይ ይወጣል። እናቱ ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እየጐተቱ «መምህር፥ ይህ ሁሉ የሱ እጅ ነው?» አሉኝ። ቀድሞ በጸሐፊው ፊት እያፈረ የዋጠውን ነገር፥ ይኸውም ለበደለው ሰው ቤተሰብ የዕርቅ ሽማግሌ እንዲልኩለት፥ በዚያች ወረቀት ለመናቸው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ሄደዋል፤ ገና አልተፈጸመም።

በ1955 የወጣውና በ2015 የተሻሻለው፥ በማንዴላ ስም የሚጠራው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ፥ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉና ለወጣት እስረኞች ትምህርት ግዴታ እንዲሆን በ104ኛው አንቀጹ ይደነግጋል። በአሜሪካም የራንድ ተቋም በ2013 ባወጣው ጥናት፥ በእስር ቤት የተማሩት ተመልሰው ወደ ጥፋት የመግባት ዕድላቸው ካልተማሩት በ43 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለመማር የሚነሣው አስቀድሞ ልቡ የተመለሰው ነው የሚል ቢኖር፥ ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ግን የተመለሰው ልብ የሚቀበለው ክፍል ካላገኘ ወዴት ይሂድ?

ስለዚህ እስረኛ ደንብ ቢያፈርስ ሌላ ቅጣት ይፈለግለት እንጂ ከትምህርቱ አይከልከል እላለሁ። ስንቅ የምትቋጥሩ እናቶችና እኅቶችም አንድ ደብተርና እርሳስ ጨምሩበት፤ ምን እንደሚፈቀድ ግን አስቀድማችሁ ከበሩ ጠይቁ።