የኋላ እግሩን ያጣ ውሻና ጋሪው፦ ከመሳለሚያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

አዲስ አበባ፣ መርካቶ አጠገብ መሳለሚያ ስናድግ ውሻ የግቢ ወይም የተራ ነው፤ ቤት አይገባም። በእህል በረንዳ በኩል ባሉት መጋዘኖች ደጃፍ የሚተኙት ውሾች ቀኑን በጆንያ፣ በአህያና በጫኝና አውራጅ እግር ሥር እየተሹለኮለኩ ይውላሉ፤ ሲመሽ ከዘበኛው ጋር ሥራ ይገባሉ። ባለቤታቸው ማነው ቢባል ተራው ሁሉ ነው። ሥጋ ቤቱ አጥንት ይጥልላቸዋል፣ ዘበኛው ከእራቱ ያካፍላቸዋል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ፤ እነሱም ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ያድራሉ። ከነዚህ ውሾች አንዱን መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ወገቡን ከመታው ግን ለጥቂት ቀን የኋላ እግሮቹን መሬት ለመሬት እየጎተተ ይታያል። ከዚያ አይታይም። የሰፈሩ ሰው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ቁራሽ የሚጥልለትም፣ ውሃ የሚያቀርብለትም ነበር። ከዚያ በላይ ምን ሊደረግለት እንደሚችል ያየ ሰው አልነበረም።

እኔም ያየሁት እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። ቡቺ ብለን የምንጠራት ውሻችን ዳክስሁንድ የሚባለው ዝርያ ናት፤ ወገቧ ረጅም፣ እግሯ አጭር። በእንዲህ ዓይነት ውሾች አከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ዲስክ ገና በወጣትነታቸው ይደርቅና አንድ ቀን ከሶፋ ሲዘሉ፣ አንዳንዴም ያለምንም ምክንያት፣ ፈንድቶ ሕብለ ሠረሰራቸውን ይጫነዋል። ቡቺ ማታ ደህና ተኝታ ጠዋት የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ቀዶ ሕክምናው ቶሎ ቢደረግላትም እግሯ አልተመለሰም። ሐኪሟ ግን የፊት እግሮቿን እየነካካች፣ «ትከሻዋ ጠንካራ ነው፣ ሕመም የለባትም፣ በደንብ ትበላለች፤ ጋሪ ትሞክር» አለችን።

ጋሪ የሚሉት ለውሻ የተሠራ ዊልቸር ነው። ሁለት ጎማ፣ ቀላል የብረት ወይም የአሉሚኒየም ክፈፍ፣ የኋላ አካልን ደግፎ የሚይዝ ማቀፊያ፣ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ፤ በቃ ይኸው ነው። ዛሬ በኢንተርኔት ታዝዞ በፖስታ ይመጣል፣ ዋጋውም እንደ ውሻው መጠን ጥቂት መቶ ዶላር ይሆናል። አጀማመሩ ግን እንዲህ አልነበረም። በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ የሆነው ኤዲስ ዊልስ የተባለው ድርጅት የተነሣው ማሳቹሴትስ ውስጥ ሸልበርን ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ኤዲ ግሪኔል የሚባል መካኒካል መሐንዲስ፣ የራሱና የባለቤቱ የሌስሊ ዶበርማን ውሻ የኋላ እግሮች መሥራት ሲያቆሙ፣ በገዛ እጁ ጋሪ ሠራ። ጎረቤት አየ፣ ሐኪም ሰማ፣ ሥራው ተስፋፋ። ይህን ያነሣሁት ነገሩ የፋብሪካ ጥበብ ሳይሆን ብረት ማጠፍ በሚችል ሰው እጅ የተጀመረ መሆኑ ለመርካቶ ሰው ትልቅ ነገር ስለሆነ ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

በቪዲዮ እንደምናየው ሳይሆን፣ ጋሪ የተገጠመለት ውሻ ወዲያው አይሮጥም። አብዛኛው ደርቆ ይቆማል። ከኋላው የተጣበቀውን ነገር ለማየት ይዞራል፤ ጋሪውም አብሮት ይዞራል፤ ይደነግጣል። ስለዚህ ሐኪሟ እንደመከረችን ጋሪውን መጀመሪያ ከምግብ ሳህኗ አጠገብ አኖርነው፤ እንድታሸትተው፣ እንድትለምደው። ቀጥሎ የደረት ቀበቶውን ብቻ አድርገንላት ቤት ውስጥ አዋልናት። ጋሪው ውስጥ ስትገባ የሠራነው አንድ ነገር ነው፦ ቆማ መብላት። መሄድ አልጠየቅናትም። ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ ማውጣት፣ ማረፍ። በኋላ ባለቤቴ የተቀቀለ ዶሮ በጣቶቿ ይዛ ከቡቺ አፍንጫ ፊት አንድ ክንድ ራቀች። ቡቺ አንገቷን ዘረጋች፣ አልደረሰችም፤ የግራ እግሯን አነሣች፣ ጎማው ተንቀጫቀጨ፣ ቆመች። ከዚያ ሁለቱንም እግሯን አከታትላ ሰነዘረችና ዶሮውን ወሰደች። ቤታችን በእልልታ ተሞላ።

ለማበረታቻ የሚሰጠው ነገር ከወጣችን እንዳይሆን አደራ። ወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሱን ይጎዳል። ጨውም ሽንኩርትም ያልነካው የተቀቀለ ሥጋ ይበቃል።

ውሻውን በማሰሪያ መጎተት አይገባም፤ የሚጎተት ውሻ ጋሪውን ይጠላል። ለጥ ያለና የማያንሸራትት ቦታ ይመረጥ። ቀጥታ መሄድ ይቀድማል፣ ሰፋ አድርጎ መዞር ይከተላል፣ ወደ ኋላ መመለስ የመጨረሻው ትምህርት ነው። የፊት እግሩ መንቀጥቀጥ ከጀመረ የዚያ ቀን ትምህርት አልቋል። ልኩም ወሳኝ ነው። ጋሪው ውስጥ ሲቆም ጀርባው ከትከሻው እስከ ጭራው ቀጥ ማለት አለበት፤ ኋላው ከፍ ካለ ክብደቱ ሁሉ የፊት እግሩ ላይ ይወድቃል፣ ዝቅ ካለ ወገቡ ይጎብጣል። የኋላ እግሩ ትንሽም ቢሆን የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጣቶቹ መሬት እየነኩ ቢሄዱ ጡንቻው ይሠራል፤ ፈጽሞ የማይሠራ ከሆነ ግን መሬት እንዳይልጠው በማንጠልጠያ ከፍ ተደርጎ ይያዛል።

ስለ ጋሪ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሽንት ነው። ወገቡ የተጎዳ ውሻ ብዙውን ጊዜ ፊኛው አይታዘዝለትም። በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሆዱን ከሁለት ወገን በእጅ ቀስ አድርጎ ተጭኖ ማሸናት ያስፈልጋል፤ ይህንንም ሐኪም እጅዎን ይዞ ካላሳየዎ በቀር በራስዎ አይሞክሩት። ሽንት ከተጠራቀመ ኢንፌክሽን ይመጣል፣ ካልጸዳ ቆዳው ይላጣል። ጋሪ ውስጥ ያለ ውሻ መተኛት እንደማይችልም አይረሳ። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ ይገባል፣ ይወጣል፤ ብቻውን ለአፍታም አይተውም። ሲወጣም ብሽሽቱና ብብቱ ይታያል፤ ጸጉሩ የተፋቀ፣ ቆዳው የቀላ ቦታ ካለ ማቀፊያው መስተካከል አለበት። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ያየሁት ጋሪው ከልፋቱ ትንሹ ክፍል መሆኑን ነው። ልፋቱ በየቀኑ የሚያጥብ፣ የሚያሸና፣ የሚያነሳና የሚያስተኛ ሰው ማግኘት ነው።

መሳለሚያ ላይ ግን ከጋሪም ከሰውም የሚቀድም ነገር አለ። አሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ ማጥፋቷን እ.ኤ.አ. በ2007 አስታውቃለች። ስለዚህ እዚህ የኋላ እግሩን የሚጎትት ውሻ ሲመጣ የሐኪሙ ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ዲስክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሽታው ዛሬም ሰው ይገድላል። ደግሞም ሁልጊዜ በመክለፍለፍና በመናከስ አይመጣም፤ መንጋጋው ወድቆ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ እግሩ እየሰነፈ፣ ጸጥ ብሎ የሚመጣበትም መልክ አለው። ያ ውሻ አሳዛኝ ይመስላል፤ ሰውም የሚነካው አዝኖ ነው። ስለዚህ መኪና ሲመታው በዓይናችሁ ካላያችሁ በቀር እግሩ የሰነፈውን የመንገድ ውሻ በእጃችሁ አታንሱ፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። መኪና የመታውም ቢሆን በሕመም ስለሚናከስ አፉ ሳይታሰር አይነካም። ከነከሰ ወይም ምራቁ ቁስል ከነካ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ክትባት ለመጀመር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ነባሩ ሰው ዛሬም «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለዚህ በሽታ ክትባት ሲሠራ የኖረ ነው።

የታወቀና የተከተበ ውሻ ከሆነ ግን፣ ጋሪውን መሥራት ለመርካቶ ምኑ ይከብዳል? ምን አለሽ ተራ ከበርሜል ምድጃ፣ ከአሮጌ ላሜራ ሳጥን የሚያወጣ ሰፈር ነው። የሰፈራችን ልጆች ከሳንቃና ከኩሽኔታ ጋሪ ሠርተው ቁልቁለት ሲንሸራተቱበት ኖረዋል። የውሻ ጋሪ ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም። ክፈፉ ከቀጭን አሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ይሠራ፤ ከባድ ብረት ውሻውን ይጎዳዋል። ጎማው ግን ኩሽኔታ አይሁን፤ በኮብልስቶን መሐል ይሰነቀራል። የሕፃን ጋሪ ወይም የልጅ ብስክሌት ጎማ ይሻላል። ቦታውም በዳሌው ልክ ይሁን እንጂ ከዚያ በጣም ወደ ኋላ አይራቅ። ሰውነቱን የሚነካው ሁሉ በስፖንጅና በለስላሳ ጨርቅ ይሸፈን።

ስለ ሽፋኑ የእህል በረንዳ ባለአህያ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ያለ በቂ ምንጣፍ የተጫነች አህያ ገጣባ እንደምትሆን፣ ገጣባ አህያ ደግሞ እንጀራ እንደማትሆን ከማንም በፊት የተማረው እሱ ነው። ዶንኪ ሳንክችዋሪ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት መርካቶ ድረስ መጥቶ ለጭነት አህዮች ሕክምና ሰጥቷል። ቢሾፍቱም ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእንስሳት ሐኪሞች ይሠለጥናሉ። ለውሾችም ቢሆን፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይሠሩ የነበሩት ኤፍሬም ለገሠና ሃና ክፍሌ ባለቤት ለሌላቸው እንስሳት የሚሟገት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 መሥርተዋል። አዲስ አበባ የመንገድ ውሾችን በመርዝ ትጨርስ በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ ማሰማት ቀላል አልነበረም።

«ሰው ዊልቸር አጥቶ በእጁ እየዳኸ ለውሻ ጋሪ?» የሚለኝ አለ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ አልሸሸውም። ለአንድ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካለ ለሰው ይዋል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የተቆራረጠ ቱቦና የተጣለ የሕፃን ጋሪ ጎማ ከማንም ሰው ላይ የተነጠቀ አይደለም። ርኅራኄም ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው የሚጎድል ነገር ሆኖ አላየሁትም። በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በአንዋር መስጊድ ጥላ ሥር ያደግን ሰዎች ይህን ከሁለቱም ወገን ሰምተናል። የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ነበሩ፤ ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰውም ኃጢአቱ ይቅር ተባለለት ብለው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይነግሩን ነበር።

ሌላው እውነት፣ ጋሪ ለሁሉም ውሻ አይሆንም። የፊት እግሩም የደከመ፣ ሕመሙ የማይታገሥለት፣ ወይም የሚንከባከበው ሰው የሌለው ውሻ ጋሪ ውስጥ ቢገባ ሥቃዩን ማራዘም ነው። ቀን ላይ «ዞር በል!» እየተባለ ጆንያ በሚተላለፍበት የመሳለሚያ መንገድም ጋሪ ያለው ውሻ ደኅና አይውልም። ቦታው በግንብ የታጠረ ግቢ ነው፤ ሰዓቱም ማለዳ ወይም ገበያው ጸጥ የሚልበት እሑድ። ሰውስ? እዚህ እኔና ባለቤቴ በሥራ ፈረቃ እየተፈራረቅን ነው ቡቺን የምናነሳት፤ የሁለታችን ሥራ ሲገጥም በሰዓት ከፍለን ሰው እናመጣለን። እዚያ ዘበኛው ሌሊቱን ሙሉ ከውሻው ጋር ነው፤ ቀን ደግሞ የግቢው ልጆች አሉ፣ ቡና የምታፈላው እናት አለች። በዚህ በኩል መሳለሚያ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይበልጣል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ለበዓል አገር ቤት የምትገቡ፣ ልጆቻችሁ ያደጉበት የሕፃን ጋሪ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ጎማዎቹን ፈታችሁ ሻንጣ ውስጥ ጨምሯቸው። እዚያ ያላችሁና በግቢያችሁ እንዲህ ያለ ውሻ ያለባችሁ ደግሞ፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን አረጋግጡና መጀመሪያ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት። ይሆነዋል ከተባለ ደግፋችሁ በቁሙ ያዙትና ለኩ፦ ከመሬት እስከ ብሽሽቱ ያለውን ቁመት፣ ከፊት እግሩ ጀርባ እስከ ጭራው ሥር ያለውን ርዝመት፣ የዳሌውን ስፋት፣ የደረቱን ዙሪያ፣ ክብደቱን። እነዚህን በወረቀት ጽፋችሁ ከፎቶው ጋር ለምን አለሽ ተራ ባለሙያ ስጡት።