ስም ሸጦ ማደር

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእንግሊዝ የግል ትምህርት ቤቶች ዛሬ ስለ ቻይና የሚያሰሙት እሮሮ ከዚህ አይለይም። ተማሪው ቀነሰ፣ ሕጉ ጠበቀ፣ ሽርክናው ፈረሰ ይላሉ። ውሸት አይደለም። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ደጃቸው ላይ ቆሞ የነበረውን ዕድል ምን አደረጉት? እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ዕድሉ ተራ ዕድል አልነበረም። ደልዊች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2003 ሻንጋይ ገባ። ሃሮው በ2005 ቤጂንግ ላይ ከፈተ፤ ዌሊንግተን ኮሌጅ በ2011 ቲያንጂን ላይ ተከተለ። ደልዊች በ1619፣ ሃሮው በ1572 የተመሠረቱ ናቸውና ስማቸው ብቻውን በር ያስከፍታል። በወዲያኛው በኩል ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ እንዲወልድ በሕግ የተገደደ ትውልድ፣ ያለ የሌለ ጥሪቱን በዚያ በአንዱ ልጁ ላይ ለማፍሰስ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የቀረበላቸው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ እምነት ነው። አንድያ ልጁን በአሥራ ሦስት ዓመቱ ባሕር አሻግሮ ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ ወላጅ ከዚህ በላይ ምን ይስጥ?

እነሱ ግን ስማቸውን ሸጡለት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መሬቱንና ሕንፃውን የቻይናው ባለሀብት ያቀርባል፤ ብዙ ጊዜም የሪል ስቴት አልሚ ነው፤ ዝነኛ ትምህርት ቤት አጠገቡ ያለ አፓርታማ ዋጋው እንደሚንር ያውቃላ። የእንግሊዙ ትምህርት ቤት ስሙንና አርማውን ያከራያል፣ ጥራት የሚቆጣጠር ሰው ይልካል፣ በየዓመቱ ክፍያውን ይቀበላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ፎቶና የመግባቢያ ሰነድ ነው።

እንግሊዝ ድረስ የመጣውስ ልጅ? የዕረፍት ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ ዶርሙ ይዘጋል። እንግሊዛዊውን ልጅ እናቱ በመኪና መጥታ ትወስደዋለች። የሻንጋዩ ልጅ ሻንጣውን እየጎተተ ወኪሉ በገንዘብ ወዳገኘለት ተጠሪ ቤተሰብ ይሄዳል፤ እዚያም የሚጠብቁት እንደሱው ያሉ የቻይና ልጆች ናቸው። እሑድ ማታ ተመልሶ የዶርሙ ወጥ ቤት ውስጥ የኩባያ ኑድል ላይ የፈላ ውኃ እያፈሰሰ ካገሩ ልጆች ጋር በማንዳሪን ያወጋል። የክፍል ጓደኛው በበሩ ሲያልፍ “ኬቨን፣ ሰላም ነው?” ይለዋል። አምስት ዓመት አብረው ሲማሩ እናቱ ያወጣችለትን ስም አንድ ቀን አልጠየቀውም። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። ሁለቱን አንድ ገበታ ላይ ማስቀመጥ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነበር፤ የተከፈለው በዓመት ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ ለዚህም ጭምር ነበራ!

አሳፋሪው ነገር፣ ይህን ሥራ የሞከረው ገንዘብ የሌለው የመንግሥት ትምህርት ቤት መሆኑ ነው። በ2016 በእንግሊዝ በተጀመረው የማንዳሪን ፕሮግራም የገቡ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሳምንት ስምንት ሰዓት ለቋንቋው ይመድቡ ነበር፤ ግማሹን ከመምህር ጋር፣ ግማሹን በራሳቸው። ቻይና ውስጥ በስማቸው የተሰየመ ግቢ ያላቸው ትምህርት ቤቶች በዚህ ሁሉ ጊዜ ስንቱን እንግሊዛዊ ልጅ አሻግረው ማስተማር በቻሉ!

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከመስከረም 2021 ጀምሮ የጸናው የቻይና ደንብ የውጭ ባለሀብት ከአንደኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት እንዳይቆጣጠር ከለከለ፤ የውጭ መማሪያ መጽሐፍም በእነዚህ ክፍሎች ቀረ። በማግሥቱ ዓመት ቤጂንግ ያለው የሃሮው የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤት “ሊዴ” ተባለ። ስም የሸጠ ሰው ስሙን ሲነጠቅ ምን ይቀረዋል? ተመላላሽ መምህር፣ ወንድማማች የሆኑ ተማሪዎች፣ የጋራ ሥርዓተ ትምህርት ቢኖር ኖሮ፣ አንድ ደንብ ጠራርጎ ባልወሰደው ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የዌስትሚኒስተር ነገር ነው። ይህ የለንደን ዕንቁ ትምህርት ቤት በ2017 ቼንግዱ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ለመክፈትና ሌሎች አምስት ለማስከተል አቀደ፤ ከዚያ የሚገኘውም ገቢ ለንደን ውስጥ አቅም ለሌላቸው ልጆች የትምህርት ወጪ እንደሚውል ተናገረ። እንደኔ ያለ ስደተኛ ወላጅ ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። በ2021 ግን የቻይና የትምህርት ፖሊሲ ተለወጠ፣ ዕቅዱም አንድ ተማሪ ሳይቀበል ተሰረዘ። ሌሎች ከውጭ ቅርንጫፋቸው ያገኙትን ለድሃ ልጅ አላዋሉም አልልም፤ ያዋሉ አሉ። ነገር ግን በለጋው ዘመን፣ ገበያው እነሱን ሲለምን፣ የድሃው ልጅ ወንበር በየውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ሆኖ ሊጻፍ ሲችል፣ ከትርፍ የተረፈ ሆኖ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ።

አሁን ልመናው ተገላብጧል። ቻይና ውስጥ በ2016 ከ17 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ሲወለዱ በ2023 የተወለዱት 9 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጥሏል። እናም ርእሳነ መምህራኑ ብሮሸራቸውን ይዘው እንደገና የሻንጋይና የሼንዘን ሆቴል አዳራሽ ይዞራሉ፤ የሚያቀርቡትም ያንኑ አርማ፣ ያንኑ የሣር ሜዳ ፎቶ ነው። እነሱስ ሌላ ገበያ አያጡም። በ2017 የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበረው የለንደን ድሃ ግን የትምህርት ቤት ዕድሜው አልፏል፤ ለሱ ሌላ ዙር የለም።