ከስክሪኑ ጀርባ

ሃያ ሦስት ዓመት በንብረት አስተዳደር የሠራ ሰው ዕቃን የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። ሲገባ ቁጥር ይለጥፍበታል፣ ሲያረጅ የሚወገድበትን ቃለ ጉባኤ ይፈርማል፤ በመካከል ያለው ዕድሜው የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። በስብሰባ አዳራሻችን ግድግዳ ላይ ያለውን፣ በጣት የሚጻፍበትን ትልቅ ስክሪን «ስክሪን፣ ብዛት 1» ብዬ የመዘገብኩት እኔው ነኝ። ጉድ የሠራችኝ ያቺ «1» ናት።

ነገሩ የሆነው በ2018 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። የቦርድ አባላት ተቀምጠዋል፣ ቡናው ተቀድቷል። ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑን ቢነኩት፣ ምልክት አላገኘሁም የሚል አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አውጥቶ ዝም አለ። ቢያጠፉት ቢያበሩት ያው ነው። ጥበቃው ማንም ሳይጠይቀው ጎንበስ ብሎ ከኋላ አየና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው» አለኝ። እውነትም ከስክሪኑ ጀርባ፣ በጎን በኩል፣ አንድ መጽሐፍ የሚያስገባ ቀዳዳ አፉን ከፍቷል፤ የወለቀ ጥርስ ቦታ ይመስላል። ጥበቃው ቀጠለ፤ «ዓርብ ማታ ቴክኒሺያኗ በፌስታል የሆነ ነገር ይዛ ከአዳራሹ ስትወጣ አይቻለሁ።»

እሷ ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት አልገባችም።

ደሜ ፈላ። በእንግዶቹ ፊት «ተሰርቀናል!» አልኩ። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘግቼ ለሰው ኃይል አስተዳደር ማስታወሻ ጻፍኩ፤ «ንብረት ያለ ፈቃድ ያወጣች» የምትል ሐረግ አለችበት። ግልባጭ ለሥራ አስኪያጁ፣ ግልባጭ ለጥበቃ ክፍል። እጄ እንዲህ ፈጥኖ የጻፈበትን ቀን አላስታውስም።

ስድስት ሰዓት ገደማ ነጠላዋን እንደ ዘቀዘቀች መጣች። ለካስ እሑድ ማታ አክስቷ አርፈውባት ከቀብር መመለሷ ነው። ምንም ሳትል ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ መሳቢያዋን በቁልፍ ከፈተችና፣ አንድ ጥቁር የብረት ሳጥን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ርዝመቱ ስንዝር አይሞላም፣ ውፍረቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

«ጋሼ፣ ጠፋ ያሉት ይሄን ነው?»

«ምንድነው እሱ?»

«የስክሪኑ ኮምፒዩተር ነዋ። ማራገቢያው በአቧራ ታንቆ እየሞቀ፣ ስብሰባ መሀል ይጠፋ አልነበር? ዓርብ ነቅዬ ጠረግኩት። ዛሬ በጠዋት ልመልሰው ነበር።»

«ታዲያ ሽቦው የታለ?» አልኳት። በዚያች ሰዓት ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ይቅርታ አይደለም።

ሽቦ የለውም። ሳጥኑን አዙራ ከኋላው ያለውን አንድ ረዘም ያለ መሰኪያ አሳየችኝ፤ በውስጡ 80 ቀጫጭን እግሮች ተደርድረዋል። የኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ ምስሉ፣ ድምፁ፣ የጣታችንም ንክኪ ሳይቀር በእነዚያ በኩል ይመላለሳል። ልኩንና የመሰኪያውን ዓይነት ያወጣው ኢንቴል ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ስክሪኑን አንዱ ፋብሪካ፣ ኮምፒዩተሩን ሌላው ቢሠራውም ልኩን እስከ ጠበቁ ድረስ አንዱ ከሌላው ይገጥማል። ሁሉም ልኩን ይጠብቃል ማለት ግን አይደለም፤ ቀዳዳውን ለራሱ ሳጥን ብቻ የሚሰፋም አለ፣ ገዢ ካልጠየቀ የሚነግረው የለም።

እንደ እኛው ያሉት ስክሪኖች ደግሞ የራሳቸው ትንሽ አንድሮይድም አላቸው። ያን ዕለት ሳጥኑ ባይኖርም፣ መግቢያውን ለሚቀይር ሰው ሰሌዳው በጣት ይጻፍበት ነበር። እኔ ሬሳ ነው ብዬ ያለቀስኩለት ዕቃ በሕይወት ነበር።

«ታኅሣሥ ላይ የጻፍኩልዎትን አላዩትም እንዴ?» አለችኝ።

አይቼዋለሁ። ከትሪዬ ስር አወጣሁት። ዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት እድሳቱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማብቃቱን፣ የሳጥኑ ፕሮሰሰር ደግሞ ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው እንደሚያረጅ፣ ስለዚህ ሳጥኑ ብቻ እንዲለወጥ ጽፋለች። ኅዳጉ ላይ በእኔ እጅ፣ «ስክሪኑ በሙሉ ይወገድና በሚቀጥለው በጀት በአዲስ ይተካ» ተብሏል። እንደ መዝገቤ ትክክል ነኝ፤ ብዛት 1 የሆነ ነገር ግማሹ አይወገድም።

ወረቀት አምጥታ አሰላችልኝ። እንዲህ ላለ ስክሪን አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ዕድሜ 50,000 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን ብንሠራበት 25 ዓመት ይሆናል። ፋብሪካ የሚናገረውን ግማሹን ብናምን እንኳ እኔ ጡረታ ወጥቼ እሱ ይሠራል። ቶሎ የሚያረጀው ሳጥኑ ነው። ለነገሩ ሳጥኑም ርካሽ እንዳልሆነ አልደበቀችኝም፤ ተራ ትንሽ ኮምፒዩተር ከኋላ በሽቦ ቢንጠለጠል ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ያንሳል። በሽቦው ግን እንግዳ ይጠለፍበታል፣ ጽዳት ሠራተኛ ይነቅለዋል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው «ፕላዝማ» ትዝ አለኝ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፤ ልጄ እንደምትለው በስክሪኑ ያለው መምህር ይጠይቃል፣ ሳይመልሱለት ይቀጥላል፣ ቆም በል የሚለው የለም። እኔም በዚያ ማስታወሻ ያደረግኩት ይኸንኑ ነው፤ ጠይቄ መልሱን ሳልጠብቅ ቀጠልኩ።

ጥበቃውን ግን ከሳሽ አላደርገውም። ያየውን ነው የተናገረው። ሁለት በእጅ የሚፈቱ ብሎኖች ናቸው የያዙት፤ ሌላ ሰው ቢሆን የቦርዱን ሰነድ ሁሉ በፌስታል ይዞት ይሄድ ነበር። አሁን ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰነድ ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል እንዳይከፈት አድርጋዋለች፤ እኔም የብሎኖቹ ነገር እንዲታሰብበት ጽፌያለሁ።

አዲሱ ሳጥን መጋቢት ላይ መጣ። በመዝገቡ ሁለት መስመር ከፈትኩ፤ ስክሪን፣ ብዛት 1፤ ተሰኪ ኮምፒዩተር፣ ብዛት 1። ኃይሉን ከግድግዳው አስነቅላኝ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ያስገቡት» አለች። ገፋሁት፤ ቀጭ አለ። እሷ ብሎኖቹን አጠበቀች።

ማስታወሻዬን የሚሽር ሁለተኛ ደብዳቤ ለሰው ኃይል አስተዳደር ጽፌ ነበር፤ በእነዚያው ግልባጮች። የመጀመሪያው ከማኅደሯ ይውጣልኝ ብዬም ሄጄ ለመንኩ። የማኅደሩ ኃላፊ ገልጠው አሳዩኝ፤ ገጽ 14 እና ገጽ 15። ቁጥር የተሰጠው ገጽ አይነቀልም አሉኝ።