ጎፈር የደፋ ሳክስፎን

ሽለላ ግጥሙ ቢወሰድበት ሽለላ ሆኖ ይቀራልን? ጥያቄውን ያነሣብኝ ጌታቸው መኩሪያ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር የሠሩት «ሞዓ አንበሳ» አልበም ነው።

ጋሽ ጌታቸው በ1927 ዓ.ም. የተወለዱት ከመንዝ አፋፍ ቁልቁል በሚታየው በይፋት ነው። በልጅነታቸው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን የሙዚቃ ጓድ ተቀላቀሉ፤ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወቱ። የጀግናውን ሽለላ ከጉሮሮ ወስደው ለቴነር ሳክስፎን ያስረከቡ፣ ጎፈር ደፍተው መድረክ የሚወጡ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 «ዘ ኤክስ» 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ወደ አምስተርዳም ጋበዛቸው። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ወራት የቀራቸው አዛውንት ከዚያ በኋላ ባንዱ እንዲያጅባቸው ራሳቸው ጠየቁ። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ።

አንድ አንጋፋ «በአዲስ ስልት ተመለሰ» ሲባል፣ ሽማግሌ የወጣት ሱሪ ታጥቆ ያየሁ ያህል እሸማቀቃለሁ። እዚህ ግን ልብስ የለወጡት ፈረንጆቹ ናቸው። ፉከራ አጀብ ይወዳል፤ ብቻውን የሚፎክር ሰው ያሳዝናል። ሻካራዎቹ ጊታሮች ያን የአጀብ ሥራ ይሠራሉ፤ ይገፋሉ፣ ይጎነትላሉ፣ «በለው!» ይላሉ። ሳክስፎኑም ለምታቸው ሳይገዛ፣ አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ፣ እንደ ፎካሪ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል።

ቀን የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ ማታ ግጥም የምሞክር ነኝና የሚያሳስበኝ ቃሉ ነው። በሽለላ ውስጥ የአባት ስም አለ፣ የፈረስ ስም አለ፣ የወደቀው ጠላት አለ። ሳክስፎኑ ከእነዚህ አንዱንም አይጠራም። የአምስተርዳም ወጣት ቁጣውን ብቻ ይሰማል፤ ምናልባት ይበቃው ይሆናል።

ባለፈው ጥቅምት መሐል ሜዳ፣ በርኖሳቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቁ ለነበሩ አንድ የጊሼ አዛውንት ከስልኬ አሰማኋቸው። ጊታሩን አልወደዱትም፤ «ይሄ ወፍጮ ምንድን ነው?» አሉ። ሳክስፎኑ ሲገባ ግን ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ።

«ማን ላይ ነው የሚፎክረው?»

«ቃል የለውም እኮ አባባ፤ መሣሪያ ነው።»

«እሱንማ ሰማሁ። ማን ላይ ነው ያልኩህ?»

እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም።

ጋሽ ጌታቸው ከዚሁ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 «የአንበሳው ትዝታ»ን አክለው፣ መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ዐረፉ። ስለ ሁለተኛው አልበም ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። የመጀመሪያውን ለማድመጥ የምትሹ ግን ድምፁን ከፍ አድርጉት፤ ጎረቤት ቢቆጣም።