በቆሎው እዚሁ ነው

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወደ ማኅበራችን መጋዘን የሚወስደው መንገድ ከማለዳ ጀምሮ በአህያ ጋሪ ተሞልቷል። በሃላባ ቁሊቶ ዙሪያ በቆሎ የሚፈለፈልበት ወቅት ነው፤ ዘንድሮ ፍሬውም ሙሉ ነው። እኔ በማኅበሩ ሒሳብና ሚዛን እሠራለሁ። ኬሻ አስመዝናለሁ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣ ካዝናው ውስጥ ብር ካለ እከፍላለሁ። ከሌለ ገበሬው ጋሪውን አዙሮ ወደ ነጋዴ ይሄዳል፤ አልፈርድበትም። የማዳበሪያ ብድሩም፣ ግብሩም፣ የልጆቹ ልብስም የሚጠብቁት ይህንኑ ወር ነው። ሁሉም እኩል ሻጭ ሲሆን ዋጋ ይወድቃል። አንድ አባት ዛሬ ሚዛኑ አጠገብ ቆመው፣ «ልጄ፣ እስከ ሐምሌ ባቆየው የተሻለ እንደማገኝበት አጥቼው አይደለም፤ ብድሩ ግን አይጠብቀኝም» አሉኝ።

ከዚህ ወደ ቆላው ሲወርዱ ባሉ ቀበሌዎች የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች አሉ። ክፍያው በእህል ሲሆን ለአንድ ሰው የወር ድርሻው 15 ኪሎ ነው። ስንዴው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ጅቡቲ የወረደ ነው። የጫነው መኪና በእኛ መጋዘን በር ያልፋል። በሩ ላይ ገዢ ያጣ በቆሎ ተደርድሮ ሳለ ያ መኪና ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያራል።

ታኅሣሥ 9

ዛሬ ገበያው ቀዝቀዝ ስላለ ከሊቀመንበራችን ጋር ሻይ ይዘን ቁጭ አልን። ጋሼ ስለ 1994 ማውራት ይወዳሉ፤ የተቃጠሉበት ዓመት ነው። በ1993 እና በ1994 በሀገሪቱ በቆሎ እንደልብ ተመረተ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ተጠቀሙ ተብሎ የተነገረው ገበሬ የተባለውን አደረገ፣ ተሳካለትም። ከዚያ ዋጋው በአንዳንድ ቦታ እስከ 80 በመቶ ወረደ። ለሰብሳቢ ጉልበት የሚከፈለው እህሉ ከሚያወጣው ስለበለጠ ማሳ ላይ የቀረ በቆሎ ነበር። ጋሼ የማዳበሪያ ዕዳቸውን የከፈሉት በሬያቸውን ሸጠው ነው። «በተከታዩ ክረምት ማዳበሪያ የገዛ ሰው በጣት ይቆጠር ነበር» አሉ። ዝናቡም ከዳ። በ1995 ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

በዚያው ዓመት ከአሜሪካ የተላከው ስንዴና በቆሎ እዚያው አሜሪካ የተመረተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ከወጣው የምግብ እርዳታ ሕግ ጀምሮ አሠራሩ እህሉ ከሀገራቸው ገበሬ እንዲገዛ፣ ጉልህ ድርሻውም በሀገራቸው መርከብ እንዲጫን ያዛል። በኢትዮጵያ ነጋዴዎች መጋዘን ያለፈው ዓመት እህል እያለ የእርዳታው መኪና በአጠገቡ ያልፍ ነበር። የ1994ቱ በቆሎ ዋጋው ሲወድቅ ተገዝቶ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የጋሼ በሬ ባልተሸጠ ነበር፤ በ1995 ለተራበውም ቶሎ በደረሰ ነበር። ሁለቱ ጉዳት አንድ ጉዳት ነው። ይህን የማምነው ከጋሼ ስለሰማሁት ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ሚዛኑ ላይ ቆሜ ትንንሹን 1994 አያለሁ።

ጥር 15

ወሬው ሁሉ ስለ አሜሪካ ነው። ሰኞ ዕለት አዲሱ ፕሬዚዳንት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ። ከቆላው የመጣች አንዲት እናት፣ «የእኛስ ስንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

የካቲት 6

የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት የውስጥ ተቆጣጣሪ ሰሞኑን ባወጣው ሪፖርት፣ ከ489 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ያለው ምግብ በወደብ፣ በጉዞ ላይና በመጋዘን ቆሞ ለብልሽት ተጋልጧል ይላል። ዜናውን ደጋግሜ አነበብኩት። የሰው ቀለብ ነው እኮ።

ሩቅ ያለ እህል ችግሩ ይኸው ነው፤ የሚዘገይበት ምክንያት አያጣም። የአሜሪካ መንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ ከአሜሪካ ተጭኖ ወደ 10 የአፍሪካ ሀገሮች የሄደ እርዳታ በአማካይ 147 ቀን ሲፈጅ፣ እዚያው ሀገር የተገዛው በ35 ቀን፣ ከጎረቤት ሀገር የተገዛው ደግሞ በ41 ቀን ደርሷል። ከሰሃራ በታች ባሉ ሀገሮች እዚያው አካባቢ የተገዛው በዋጋም 34 በመቶ ያነሰ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ወደዚህ መንገድ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው፤ ካናዳም እ.ኤ.አ. በ2008 እህሉን የግድ ከሀገሬ ግዙ ማለቷን ተወች።

የባሕር ማዶውን ስንዴ ውለታ ግን አልክድም። በ1977 በእሱ የተረፉ ሰዎች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። በነሐሴ 2014 ማብቂያ ላይ ከዩክሬን 23,000 ቶን ስንዴ የጫነችው መርከብ ጅቡቲ ስትደርስም እግዚአብሔር ይስጣቸው ብያለሁ። ዝናብ በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ሲቀር የሀገር ውስጥ ምርት አይበቃም፤ የውጭ እህል የግድ ነው። በተረፈን ዓመት ግን የግድ አይደለም።

የካቲት 27

ዛሬ ስለ ጥራት ልጻፍ፤ ብዙ ሰው «ከገበሬው ይገዛ» ሲል ይህን ይዘለዋልና።

ለእርዳታ የሚገዛ በቆሎ እርጥበቱ ከ13.5 በመቶ በላይ ሲሆን ተቀባይነት የለውም። ነቀዝ፣ የተሰባበረ ፍሬ፣ ባዕድ ነገር፣ ሁሉም ይለካል። ከሁሉ የሚያስፈራው አፍላቶክሲን ነው፤ ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ሲሆን በዓይን አይታይም፣ ቢቀቀልም አይጠፋም፣ ጉበት ይጎዳል። የሚጀምረውም ገበሬው ደጅ ነው። እርጥብ በቆሎ መሬት ላይ ሲሰጣ አፈሩ ሻጋታውን ያቀብለዋል። በዱላ ሲወቃ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ሻጋታም ነቀዝም ይገባል። ስለዚህ ሥራችን ገበሬው በሸራ ላይ እንዲያሰጣ፣ በመፈልፈያ እንዲፈለፍል መወትወት ነው።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ማኅበራቱ የተሰባሰቡበት ዩኒየን ጋ ነው። እቤት ለሚለካ ሰው የማሳየው የጨው ዘዴ አለ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ በቆሎና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ፣ ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና ነው። ካልተለጠፈ ወደ መጋዘን ለመምጣት ተቃርቧል። ዛሬ ለሦስት ሴቶች ሳሳይ አንዷ፣ «ይህን እያወቃችሁ ስንት ዓመት ደበቃችሁን?» ብላ አሳቀችን።

ማከማቻውም ተሻሽሏል። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት በኬሻ ውስጥ የሚገባበት፣ አየር የማያስገባ ባለሦስት ንብርብር ኬሻ አለ፤ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ታፍኖ ይሞታል። ዋጋው ከተራ ኬሻ ውድ ቢሆንም የያዘው በቆሎ እስከ ክረምት ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ለአንድ ገበሬ ሁለት ኬሻ ማለት ሁለት ኩንታል በኅዳር ዋጋ ከመሸጥ አመለጠ ማለት ነው።

መጋቢት 18

በመስከረም 2001 የዓለም የምግብ ፕሮግራም በ20 ሀገሮች ከአነስተኛ ገበሬዎች ማኅበራት የመግዛት ሙከራ ጀመረ፤ የጌትስና የሃዋርድ ባፌት ፋውንዴሽኖች ደገፉት። ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። እኔ ከሁሉ የምወድለት እህሉ ከመሰብሰቡ በፊት ከዩኒየን ጋር ውል መፈረሙን ነው። ውል ሲኖር ባንክ ያበድራል፤ ዩኒየኑ ገንዘብ ሲይዝ ማኅበሩ በኅዳር ሚዛኑ ላይ ይከፍላል፤ ገበሬውም ጋሪውን አያዞርም። ዋጋው ከነጋዴው ብዙ መብለጥ የለበትም። ዕለቱን መከፈሉ ይበልጥበታል።

ይህ ሲጓደል ምን እንደሚሆንም አይቻለሁ። አንድ ገዢ ድርጅት እህሉን አስጭኖ ከወሰደ በኋላ ክፍያው ለወራት ዘገየ። በዚያ መሐል ገበሬው በየቀኑ እየመጣ ፊቴ ይቀመጥ ነበር፤ አይሳደብም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በተከታዩ ዓመት ለማኅበሩ ቃል ገብተው ሲያበቁ ለነጋዴ የሸጡት ብዙ ናቸው። ውል አፈረሱ ተብለው ተወቀሱ። ቀድሞ ያፈረሰው ግን ገዢው ነው።

ሚያዝያ 16

የዓለም የምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ በምግብ እጥረት ለተጎዱ 650,000 ሴቶችና ሕፃናት የሚሰጠውን ሕክምናዊ ምግብ በገንዘብ እጦት ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ። ዛሬ ሌላ ነገር መጻፍ አልቻልኩም።

ሰኔ 25

የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ትናንት በይፋ ተዘጋ። በቆሎ ተወዷል። በኅዳር የሸጡልን ሰዎች አሁን ኬሻ ይዘው ለመግዛት ይመጣሉ። ከተማ ያለ ሰው ገበሬ ሁሉ እህል ሻጭ ይመስለዋል፤ በእኛ ቀበሌ ግን በዓመቱ ሲደመር ከሸጠው የሚገዛው የሚበልጥ ቤት ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ የሀገር ውስጥ ግዢም ወር አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ዋጋ ሲወድቅ ቢገዛ ገበሬውን ይደግፋል። በሰኔ ወይም በሐምሌ ብዙ ኩንታል ከዚሁ ገበያ ማንሳት ግን ዋጋውን ይሰቅልና እነዚህኑ ሰዎች ያስርባል። ያኔ ትርፍ ካለበት ሌላ አካባቢ ወይም ከውጭ ማምጣት ይሻላል።

ነሐሴ 11

ዘንድሮ በቆሎው እየሸተ ነው፤ አምላክ ዝናቡን እስከ መጨረሻው ያድለን። ከአሥር ዓመት በፊት በቀድሞው ደቡብ ክልል የተሞከረው፣ የተማሪዎችን ምሳ ከአካባቢው ገበሬ እህል የማዘጋጀት ሥራ እዚህም ቢሰፋ ለማኅበራችን በየዓመቱ የማይቀር ገዢ ይሆን ነበር።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በዋሽንግተንም በሪያድም ሆናችሁ ለተፈናቃይና ለተራበ ወገን ገንዘብ የምታሰባስቡ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የሰበሰባችሁትን ለክረምት አታቆዩት። አሁን፣ አዝመራው ሳይገባ፣ ትርፍ ካለበት አካባቢ ዩኒየን ፈልጋችሁ ተዋዋሉ። እርጥበቱንና አፍላቶክሲኑን አስመርምሩ፣ ያላለፈውን መልሱ። ያለፈውን ግን ሚዛኑ ላይ በዕለቱ ክፈሉ።