የሲሪንቃው ካሴት

ከወልድያ ተነሥቶ በደሴው መንገድ የሚወርድ ተሳፋሪ ሲሪንቃን ብዙም ሳያያት ያልፋታል። ከአዲስ አበባ 508 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ይህች ትንሽ ከተማ ስሟ የሚነሣው በእርሻ ምርምር ማዕከልዋ ነው፤ ስለ ማሽላ ያጠና ሁሉ ያውቃታል። እኔ ግን ባለፈው ቅዳሜ የሄድሁት ማሽላ ለማየት አልነበረም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ላሊበላ ኪነትን የሚያስታውሱ ሽማግሎች እዚያ ሻይ ቤት ይሰበሰባሉ» ብሎኝ ነው።

ኪነት ሲባል ምን እንደ ነበረ ወጣቱ አንባቢ ላያውቅ ይችላል፤ እኔም የተወለድሁት ከፈረሰ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን ነበረ። የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ መቀመጫው ደሴ የነበረው የወሎው ደግሞ ላሊበላ ይባል ነበር። ማሪቱ ለገሠ ከዚሁ ቤት የወጣች ናት። እርስዋን የማያውቅ የለም፤ ከኋላዋ ማሲንቆ የገዘገዘውን፣ ዋሽንት የነፋውን ሰው ግን በስሙ የሚጠራው የት አለ?

ሻይ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሽማግሎች አንድ አሮጌ ቴፕ ከበው ተቀምጠው አገኘሁ። ካሴቱ አንድ ብቻ ነው። ክሩ በሁለት ቦታ ተበጥሶ ተቀጥሏል፤ ባለቤቱም በእስክሪብቶ እያዞሩ ያጠነጥኑታል እንጂ ለቴፑ አያምኑትም። ቀድሞ አንድ ሣጥን ሙሉ ነበራቸው። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ቤታቸውን ጥለው ወጡ፤ ሲመለሱ ሣጥኑ የለም። ይህችኛዋ የተረፈችው ዘመድ ተውሷት ስለ ነበረ ነው። (ካሴት ተውሶ ያልመለሰ ሰው ሲመሰገን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።)

ዜማው አምባሰል ነበር። ድምፁ ይንሻፈፋል፤ ማሲንቆው ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ሁለቱ ሽማግሎች ወዲያው ተጣሉ፤ አንዱ «ማሲንቆኛው የአምባሰል ሰው ነው» ሲሉ፣ ሌላው «የራያ ነው፤ እጁን አውቀዋለሁ» አሉ። ለሻይ ተወራረዱ። ዳኛ ግን ከየት ይምጣ?

እኔም ደፍሬ፣ «ጋሼ፣ ይኸ ሁሉ የመንግሥት ቅስቀሳ አልነበረም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ስለ ዘመቻና ስለ ገበሬ ማኅበር ብዙ ይዘፈን እንደ ነበር አንብቤአለሁና።

«አብሽር ልጄ፤ ቃሉንማ በማግስቱ ረሳነው» አሉኝ የካሴቱ ባለቤት። «አምባሰሉን ግን ማን ሰጣቸው? ከዚሁ የወሰዱት ነው።»

እውነት አላቸው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ አምባሰልም ከሀብሩ ጋር የሚዋሰን አገር ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ አዲስ አበባ ነገርኋቸው። ዐምኃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያሳተማቸውን ሸክላዎች ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ፈልጎ፣ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ፓሪስ ላይ በተከታታይ አወጣቸው፤ የተረሱት ሙዚቀኞች በእርጅናቸው አውሮፓ ድረስ ተጠርተው ተጫወቱ። ሽማግሎቹ በጥሞና አዳመጡኝ። ያ ዕድል ኪነቶቹን አለማግኘቱ አያስደንቅም። እነርሱ በተስፋፉበት ጊዜ ሸክላው ቀርቶ ካሴት ነግሦ ነበር፤ የውጭ አገር ሰብሳቢም የሚያሳድደው ሸክላ ነው። በሸክላ ሽፋን ላይ የተጫዋቾቹ ስም ሊታተም ይችላል። ከሬዲዮ የተቀዳች ካሴት ላይ ግን ያለው ባለቤቷ በእስክሪብቶ የጫሩት ብቻ ነው፤ በዚህችኛዋ ላይ «ኪነት፣ ጥሩ» ይላል።

«የኛንስ ማን ይፈልግልን?» አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ፤ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበር።

ስልኬን አውጥቼ ከቴፑ አጠገብ አስቀመጥሁና መቅዳት ጀመርሁ። ዝም እንዲሉ ብለምናቸውም አልሆነም፤ ማሲንቆው ብቻውን በሚጫወትበት ስፍራ ላይ ሳልና «ራያ ነው አልሁህ!» የሚል ድምፅ ገብቶበታል። ሚኒባሱ ጥሩንባ ሲነፋ ተነሣሁ። ማታ ወልድያ ደርሼ ቅጂውን በደብተሬ ስመዘግብ ከ«ማሲንቆ» ፊት ለፊት የሰው ስም የሚገባበትን ቦታ ክፍት ተውሁት፤ ከጎኑ «አምባሰል ወይም ራያ» ብዬ ጻፍሁ።