ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፦ ከልጆች ጋር አንድ ቀን

ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት ስንልክ ደብተርና እስክሪብቶ ማሟላታችንን እንጂ የሚኖሩበትን አገር በዓይናቸው ማየታቸውን ስንቶቻችን እናስባለን? እኔ በበኩሌ አላስብም ነበር። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጄ «አባባ፣ ትምህርት ቤታችን ወደ ቡሬ ሊወስደን ነው» ስትለኝ የሰጠኋት መልስ «አትሄጂም» የሚል ብቻ ነበር።

ምክንያቴን ሳልደብቅ ልናገር። በምዕራብ ጎጃም የምንኖር ሙስሊሞች ቁጥራችን አነስተኛ ነው። ልጄ ምን ትበላለች? ዙሁርን የት ትሰግዳለች? ከመካከላቸው እስላም እሷ ብቻ ብትሆንስ? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ጥፋተኛ አይመስለኝም። ጥፋቴ ጥያቄውን መልስ ላለው ሰው ሳላቀርብ ልጅቱ ላይ መጨረሴ ነው። እሷም ስታለቅስ አደረች።

በማግስቱ መምህሯ ቤታችን ድረስ መጡ። ክርስቲያን ናቸው። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ «ጋሼ፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ ሥጋም ወተትም የሚይዝ የለም። ሽሮ፣ ዳቦና ቆሎ ነው ስንቃችን። ስግደቱን በተመለከተ እርስዎ ራስዎ አብረውን ይምጡና ልጆቹን ያሰግዱልን» አሉኝ። ረመዳን ሊገባ ገና ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ምን ምክንያት ቀረኝ? ሄድኩ።

ፈጅርን ሰግደን ወደ ትምህርት ቤቱ ስንደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። የጉዞውን ገንዘብ ማምጣት ያልቻሉ ልጆች ነበሩ፤ ጓደኞቻቸው ከየኪሳቸው አዋጥተው የከፈሉላቸው መሆኑን የሰማሁት መንገድ ላይ ነው። ማን ለማን እንደከፈለ ግን ልጄም አልነገረችኝ። መምህሯ እንዳይወራ አስጠንቅቀዋቸው ኖሯል።

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በአስፋልቱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኔ መንገዱን ለንግድ ስመላለስበት ኖሬያለሁ፤ ግን አይቼው አላውቅም ብል ይቀለኛል። መምህሯ ልጆቹን እያስቆሙ ይጠይቃሉ። ከተማችን ፍኖተ ሰላም ለምን ተባለች? ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ እንደሆነ ይነገራል፤ ትርጉሙም የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የካቲት የኢጣልያ ጦር ቡሬን ለቆ ወጥቷል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ከመስኮቱ ውጭ ጣልያን የሚፈልጉ ይመስል ተንጠራሩ። ማንኩሳን አልፈን በቆሎው የተሰበሰበበትን ሜዳ እያየን ቡሬ ገባን።

ቡሬ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ፣ ወደ ነቀምቴ። እዚህ ላይ መምህሯ «ጋሼ፣ ስለ ነጋዴዎቹ ይንገሯቸው» ብለው ሳላስበው አስተማሪ አደረጉኝ። እኔም ያባቶቻችንን ነገር አወራኋቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም የባሶ ገበያ ከጊቤ አገሮች የሚመጣ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይሸጥ እንደነበር፣ ከሲራራ ነጋዴዎቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች እንደነበሩ። የሌላ ሃይማኖት ሰው ደጃፍ ላይ እያደሩ ነበር የሚነግዱት፤ አደራ የማያውቅ ነጋዴ ደግሞ ሁለተኛ አያድርም። አንድ ልጅ «እርስዎም በበቅሎ ነው የሚነግዱት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ሳቁ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ከውጭ አይተን አለፍን፤ ልጆቹን የበለጠ የማረካቸው የፋብሪካው ትልቅነት ሳይሆን የመኪናዎቹ ጎማ ብዛት ነበር።

የቀኑ ዋና ነገር የሆነው ግን በቡሬ አቅራቢያ በሚያልፈው በፈጣም ወንዝ ዳር ነው። መምህሯ ውኃው ወደ ዓባይ እንደሚገባ፣ ዓባይም ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ እንደሚደርስ አስረዱ። ልጄ ይህን ጊዜ ብድግ አለች። «ነቢዩላህ ሙሳ በሣጥን የተጣሉበት ወንዝ!»

«እኛም አለን፤ ሙሴ ነው» አለች ጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ።

«ያሳደገቻቸው የፈርዖን ሚስት ናት። አሲያ።»

«አይደለችም፣ የፈርዖን ልጅ ናት!»

መምህሯ እኔን አዩኝ፣ እኔም እሳቸውን። እውነቱን ለመናገር ለአፍታ ፈራሁ። ልጆቹ ግን እኛን አልጠበቁም። በወንዙ ዳር ሕፃኑን በዓይኗ እየተከተለች የሄደችው እኅቱ መሆኗን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ታናሽ ወንድም ያዘሉ ታላቅ እኅቶች ናቸው። ወዲያው አንድ ቅጠል ውኃው ላይ ጣሉና እየተከተሉት በዳርቻው ሮጡ።

ዙሁር ሲደርስ ከወንዙ ውዱእ አድርገን እኔና ስድስት ልጆች ሰገድን። ክርስቲያኖቹ ልጆች ጨዋታቸውን ወደ ሌላው ዳር አራቁት፤ ማንም አላዘዛቸውም። ከሰገድን በኋላ ስንቁ በአንድ ነጠላ ላይ ተዘረጋ። የማን ሽሮ፣ የማን ዳቦ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። በሌላ ወቅት ቢሆን ሥጋው ሊለያየን ይችል ነበር፤ ልጆቹ እንደዚያ ጊዜም በየግል ስንቃቸው አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው መብላትን ያውቁበታል። ሠርግና ለቅሶ ላይ ከእኛ ያዩት ነውና።

ስንመለስ ልጆቹ በእጅ ማውጣት ወሰኑ፤ የሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ወደ ሰከላ፣ ወደ ዓባይ ምንጭ ወደ ግሽ ዓባይ እንዲሆን።

ያ ጉዞ አልሆነም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በነሐሴ 7 የሰላም መንገድ በተባለችው ከተማችን ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘገበ። በክልሉ ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተነግሯል። ልጁን በሕይወት ለማቆየት የሚጨነቅ ወላጅ ስለ ሽርሽር ሲሰማ ምን ይለኛል እያልኩ ይህን ስጽፍ እንኳ ብዕሬ ይቆማል።

ቢሆንም እኔ ልጄንና ጓደኛዋን፣ መንገዱ ሰላም በሚሆንበት ቅዳሜ፣ በእግር ይዣቸው እወጣለሁ። ከከተማው ዳር አናልፍም። ቆሎ በኪሳቸው ይይዛሉ፤ ስለ ፈርዖን ሚስትና ልጅ ያነሡት ክርክርም እስካሁን አላለቀም።